ሰባት ቦታ በአንድ ቀን፦ አዲስ አበባን ከአስጎብኚ ጋር ማየት

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ከተማውን ያልፍበታል እንጂ አይጎበኘውም። እኔ ራሴ በብሔራዊ ሙዚየም አጥር ሥር ለዓመታት ታክሲ ስጠብቅ ኖሬ፣ ወደ ውስጥ የዘለቅሁት ተማሪ ሳለሁ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከመምህራችን ኋላ ተሰልፈን፣ እየተጋፋን፣ አንዳች ነገር ሳናይ የወጣንበት ነው። ስለዚህ ከአርባ ዓመት በላይ በአሜሪካ የኖሩት አክስቴ ከልጃቸውና ከዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ጋር መጥተው «ይህ ልጅ አገሩን ይወቅልኝ» ሲሉኝ፣ እኔው ላዙራችሁ ከማለት ይልቅ የአንድ ቀን የከተማ ጉብኝት ከሚያዘጋጁ ድርጅቶች ከአንዱ ጋር ተዋዋልሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ለማነጻጸር ያህል ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ያስላክሁት የጉብኝት ዝርዝርም ከዚህኛው ጋር በአብዛኛው ተመሳሳይ ስለነበር፣ የምለው ነገር ይህን ዓይነት አገልግሎት ለሚገዛ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ዝርዝሩ በቴሌግራም ሲደርሰን የሚያጓጓ ነበር፦ ብሔራዊ ሙዚየም፣ የስድስት ኪሎው የኢትኖሎጂ ሙዚየም፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም፣ መርካቶ፣ በመጨረሻም እንጦጦ። ሰባት ቦታ በአንድ ቀን፣ ምሳና መጓጓዣ ተጨምሮ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከቤት ይወስዱናል ተብሎ 2 ሰዓት ከ40 መጡ፤ ሾፌሩ ይቅርታ ጠየቀ፣ አክስቴም «ምንም አይደል ልጄ» አሉት፤ አለፈ። ያላለፈው የመግቢያ ክፍያው ነገር ነው። «ሁሉንም ያካተተ» የሚለው ቃል የሙዚየሞቹን መግቢያ እንደማያካትት የተነገረን የመጀመሪያው ሙዚየም በር ላይ ደርሰን ነው፤ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ የሚጠየቀው ክፍያ ደግሞ የተለያየ በመሆኑ፣ ከውጭ እንግዳ የሚያመጣ ሰው ይህንን ከመዋዋሉ በፊት ቁርጥ አድርጎ ቢጠይቅ መልካም ነው።

መኪናዋ ንጹሕ ሚኒባስ ነበረች። አስጎብኚው ወጣት ነው፤ እንግሊዝኛውም አማርኛውም የጠራ፣ ልጆችን ማነጋገር የሚያውቅ፣ ለአዛውንት የሚጠነቀቅ። አክስቴን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ «እናታችን» እያለ፣ መንገድ ሲሻገሩም ክንዳቸውን እየደገፈ ነው የዋለው። ከዚህ በታች የምነቅፈው ብዙ ስለሆነ፣ የዚህን ልጅ ጠባይ አስቀድሜ ማመስገን ግዴታዬ ነው።

ብሔራዊ ሙዚየም ስንገባ በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ወረድን፤ የድንቅነሽ ቦታ እርሱ ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ድንቅነሽ በአፋር ሐዳር የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለዕይታ የቀረበው በአጥንቶቿ ልክ የተሠራው ቅጂ ነው፤ አንዱ እንደተገኘችው ተጋድማ፣ ሌላው የጎደለው ተሞልቶ ቀጥ ብላ ቆማ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ከቆመችው ጎን ሄዶ ተለካና አንድ ራስ ያህል በለጣት። አስጎብኚው ይህን ጊዜ ያደረገውን ወድጄለታለሁ፤ ከማብራራቱ በፊት ልጁን «ታዲያ ሕፃን ይመስልሃል ወይስ ትልቅ ሰው?» ብሎ ጠየቀው፤ ልጁም «ሕፃን» ሲል፣ ትልቅ ሴት እንደነበረች የመንጋጋ ጥርሶቿን እያሳየ አስረዳው። በዲኪካ የተገኘችውንና በዕድሜ የምትቀድማትን ሕፃኗን ሰላምንም አነሣለት። ልጁ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ድረስ ያየውን ሁሉ «ከድንቅነሽ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» እያለ ሲለካ ዋለ።

ከዚያ በላይ ያለውን ፎቅ ግን ሩጫ ነበር ማለት ይቻላል። በአክሱምና ከአክሱም በፊት ከነበረው ዘመን ቅርሶች ፊት ቆም ማለት የሚገባን ጊዜ ወደ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ትልቅ የእንጨት ዙፋን ተነዳን፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ወጣን። አስጎብኚው ሰዓቱን እያየ ነበርና አልፈርድበትም፤ ሰባት ቦታ የሸጠ ድርጅት አስጎብኚውን ከሰዓት ጋር እንዲሽቀዳደም ፈርዶበታል።

የዕለቱ ምርጥ ሰዓት ስድስት ኪሎ ነው ብዬ ያለማመንታት እናገራለሁ። አሁን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የሆነው ቦታ ቀድሞ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ሙዚየሙም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከሚገኝበት ከዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ፣ ወደ ላይ ብቻ የሚጠመዘዝ ደረጃ ቆሟል። ፋሺስቶች ከተማዋን በያዙ ጊዜ ያሠሩት ሲሆን፣ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን አንድ አንድ ዓመት እንዲቆጥር ታስቦ የተሠራ ነው። ከነጻነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ ግን የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። አስጎብኚው ይህን ቶሎ አልነገረንም፤ «እስቲ ምን ይመስላችኋል?» ብሎ ተወን፤ እኛም ዞርነው፤ ልጁ እርከኖቹን ቆጠረ፤ የአክስቴ ልጅ ሐውልት ነው አለች፤ አክስቴ ግን ገና ሳይነገራቸው አንበሳውን ቀና ብለው አይተው «እላያቸው ላይ ተቀምጦባቸዋል» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለውም።

በዚሁ ግቢ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩበትን፣ ከዚያም ተከትሎ በከተማዋ ሕዝብ ላይ የወረደውን ጭፍጨፋ አስጎብኚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረከልን። ከግቢው በር ወጣ ሲሉ አደባባዩ ላይ የቆመው የሰማዕታት ሐውልት በዙሪያው በተቀረጹት የነሐስ ምስሎች ይህንኑ ታሪክ ይናገራል፤ እኛ ግን ያየነው ከመኪናው መስኮት ነው። ታሪኩ የተፈጸመበትን ግቢ በእግር ረግጦ፣ መታሰቢያውን በሚኒባስ ዙሮ ማለፍ ምን ዓይነት ጉብኝት እንደሆነ ለመረዳት እስካሁን ይቸግረኛል። ከበሩ እስከ ሐውልቱ ያለው የአንድ መንገድ ስፋት ነው።

ሙዚየሙ ውስጥ የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዕቃዎች የተደረደሩት በክልል ወይም በዘመን ተከፍለው ሳይሆን የሰውን ልጅ ዕድሜ ተከትለው ነው፤ መጀመሪያ ልጅነት፣ ቀጥሎ ጉልምስና፣ በመጨረሻም ሞትና ከሞት በኋላ ያለው። ይህ አደራደር በጣም ብልህ ነው። ከአንዱ ሕዝብ የልጅ ማዘያ ጎን የሌላው ሕዝብ የልጅ መጫወቻ ሲቀመጥ፣ ተመልካቹ «ይህ የእነማን ነው?» ከማለቱ በፊት «ይህስ እኛም ቤት ነበረ» ይላል። አክስቴ ከአንድ ቅል ፊት ቆመው እናታቸው ቅቤ ይንጡበት ስለነበረው ቅል ለልጅ ልጃቸው ሲያወሩ አስጎብኚው ዝም ብሎ ከኋላቸው ቆሞ አዳመጠ፤ መዝለቅ አለብን አላለም። ዋጋውን ከከፈልኩበት ቀን ውስጥ ያላስቆጨኝ ሩብ ሰዓት ይህ ነው።

ወደ ንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ስንደርስ የጠበቅነው ወርቅና ሐር ነበር። ክፍሉ ግን ቁጥብ ነው፤ አልጋው፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ የልብስ መቀየሪያው። መስተዋቱ ላይ ግን ጥይት የበሳው ቀዳዳ አለ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ባስነሡት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ የተረፈ ምልክት ነው። በዚያው ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ታግተው ከነበሩት ታላላቅ ሰዎች መካከል ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ ብዙዎቹ የተገደሉት ያን ጊዜ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም በቀጣዩ ዓመት ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲነት ሰጡት። መስተዋቱን ስመለከት የራሴ ፊት ከቀዳዳው ጎን ታየኝ። አንድ ገጽ የታሪክ መጽሐፍ እንዲህ አድርጎ አይናገርም፤ አስጎብኚውም ይህን ያህል አውቆ ነው መሰል፣ ስለ መስተዋቱ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ተናግሮ ዝም አለ።

ቅድስት ሥላሴ ስንደርስ ቀኑ ጋለ። ካቴድራሉ ውስጥ የዐፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን የድንጋይ መቃብር ጎን ለጎን አለ፤ የንጉሠ ነገሥቱ አፅም እዚያ ያረፈው በጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። በግቢው ለኢትዮጵያ ነጻነት በብዕሯ የተሟገተችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ተቀብራለች፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ከመሠረቱት አንዱና የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበረው ልጇ ሪቻርድ ፓንክረስትም እንዲሁ። እነሆ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት የወጣንበት ሙዚየምና ይህ መቃብር በአንድ ቤተሰብ ይያያዛሉ፤ አስጎብኚው ሁለቱንም በሚገባ ገለጸ፤ ግን አላያያዘም።

ከዚህ ይበልጥ የቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ደርግ ያለ ፍርድ የረሸናቸው 60 ሰዎች መቃብርም እዚሁ ግቢ ነው፤ ከእነርሱ መካከል ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ይገኛሉ። የተረሸኑት ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ጠዋት ከድንቅነሽ ፊት ቆመን የሰማነው ቀን ደግሞ ኅዳር 15 ነበር። እዚህ አዲስ አበባ እነዚያ ሰዎች በተገደሉ ማግሥት፣ እዚያ ሐዳር በረሃ ላይ የሰው ዘር አያት ከአፈር ወጣች። ሁለቱን ቀኖች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጥኋቸው እኔው ነኝ፤ ለአስጎብኚው ስነግረው ደንግጦ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። አስጎብኚ ቀንና ዓመት ቢሸመድድም፣ የቀኖቹን ዝምድና የሚያስተምረው ሰው ካላገኘ፣ እንግዳው በየቦታው አዲስ ታሪክ እየጀመረ በየቦታው ይጨርሳል። የዚህ ጉብኝት ዋና ጉድለት ይኸው ነው።

ምሳ በውሉ የተካተተ ነበር፤ በቱሪስት የተሞላ የባህል ምግብ ቤት፣ ደህና በያይነቱ፣ ቶሎ የቀዘቀዘ ሽሮ። ብዙ የሚባልለት አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ወደ አራዳ ወረድን። የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ስምንት ማዕዘን ነው፤ ለዓድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራ፣ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት፣ ፋሺስቶች ያቃጠሉት፣ ከነጻነት በኋላ ታድሶ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ያጌጡት ደብር ነው። ጫማችንን አውልቀን ስንገባ ብርሃኑ በመስኮቱ በኩል ቀለም ይዞ ምንጣፉ ላይ ወድቆ ነበር፤ ልጁ እግሩን ቀዩ ላይ፣ ቀጥሎ ሰማያዊው ላይ እያደረገ ሲጫወት ማንም አልከለከለውም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተን በፈረስ ላይ ያሉት የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ሥር ስንቆም ግን አስጎብኚያችን ተሳሳተ። ሐውልቱን ራሳቸው ምኒልክ ከዓድዋ ድል በኋላ እንዳቆሙት አድርጎ ተናገረ። አክስቴ ቀስ ብለው «አይደለም ልጄ፤ ጃንሆይ ናቸው ያቆሙት» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ምኒልክ ያረፉት በ1906 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሐውልቱ የተመረቀው በ1923ቱ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ፋሺስቶች አዲስ አበባን እንደያዙ አንሥተውት ነበር፤ ሲወጡ ተመለሰ። ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም የራሱ ስደት ነበረው፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሕዝባቸው ለጠላት እንዳይገዛ ገዝተው በጥይት የተገደሉት ጳጳስ ሐውልት፣ በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ከቦታው ተነሥቶ በ2008 ነው የተመለሰው። አስጎብኚው ስሕተቱን ሲያርሙት አልተቀየመም፤ «አመሰግናለሁ እናታችን» ብሎ ተቀበለ። ይሁን እንጂ ገንዘብ ተከፍሎበት የሚሰጥ አገልግሎት ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ትንሽ አይደለም፤ አክስቴ ባይኖሩ ልጁ ይዞት ወደ አሜሪካ ይሄድ ነበር።

ከሐውልቱ አጠገብ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ስፋቱን ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ይህ በ40 ደቂቃ የሚታይ ቦታ አይደለም፤ የተሰጠን ግን 40 ደቂቃ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ለአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለማስረዳት ራሱ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከሩጫችን መካከል ልጁ ከጦር መሪዎቹ ምስሎች አንዱን እያሳየ «ይህ ማነው?» ሲል፣ መልሱን ሳይሰማ ወደሚቀጥለው ክፍል ተጠራን። ቦታው ለብቻው ግማሽ ቀን ይገባዋል፤ ሰባቱን ስድስት ማድረግ ቢያስፈልግ እንኳ ይህ መቆረጥ የለበትም።

የሚቆረጠው መርካቶ ነው፤ መርካቶ ስለማይረባ ሳይሆን በመስኮት ስለማይታይ። የከተማዋ ገበያ ቀድሞ እዚሁ አራዳ ከጊዮርጊስ ሥር ይቆም እንደነበርና ወደ ምዕራብ የተገፋው በጣሊያን ዘመን እንደሆነ ተነግሮን ቢሆን ኖሮ፣ የመርካቶ መንገድ ራሱ ታሪክ በሆነልን ነበር። «አራዳ» ማለት ዛሬ ብልጥ፣ ዓለም የገባው ማለት የሆነው ገበያው እዚያ ስለዋለ ነው፤ ገበያ የዋለ ሰው አይታለልምና። ይህንን ያወራነው እኛው እርስ በርሳችን፣ በመኪና መጨናነቅ ታግተን ነው።

የአዲስ አበባ ታሪክ ግማሹ የሚገኘው ስሞቿ ውስጥ ነው፤ አንድም ድርጅት በዝርዝሩ ያላስገባው ይህን ነው። «ሠፈር» የሚለው ቃል ራሱ የጦር ቃል ነው። ምኒልክ ለየመኳንንቱ ቦታ ሲሰጡ ሁሉም ከነጭፍራው ሰፈረ፤ የሰፈረበትም በስሙ ተጠራ፤ ደጃች ውቤ፣ ራስ ብሩ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ። የቤተ መንግሥቱ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሠፈር ሆነ። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ የመኖሪያ ቤት ያሠራበት ቦታ ከመሥሪያ ቤቱ ስም ካዛንቺስ ተባለ፤ የባቡር ጣቢያው ደግሞ ከፈረንሳይኛው ለገሐር። ሕዝቡ ራሱ ያወጣቸው ስሞች ከሁሉ ይጥማሉ፤ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ።

አክስቴ የዶሮ ማነቂያ ልጅ ናቸው። በፒያሳ በኩል ስናልፍ ሾፌሩን «እዚህ ጋ አቁምልኝ» አሉት፤ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም፣ አስጎብኚው ግን በዐይኑ ለሾፌሩ ፈቀደለት። ሠፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ሰምተው ነበር፣ ሆኖም አላዩትም ነበር። ከመኪናው ወርደው ሰፊውን መንገድ፣ አዲሱን የእግረኛ መሄጃ፣ መብራቱን ተመለከቱ። ቀጥሎ የጊዮርጊስን ጉልላት ፈለጉ፤ ካገኙት በኋላ ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው፣ ግራ እጃቸውን ዘርግተው «የእኛ በር እንዲህ ነበር» አሉ። ልጁም ከጎናቸው ቆሞ እጁን እንደ እርሳቸው ዘረጋ። ቤት ሲጠፋ ቦታው በደብር ይለካል። አስጎብኚው ያን ጊዜ እንዳደረገው ዝም ማለትን ማንም አላስተማረውም ብዬ እገምታለሁ።

እንጦጦ የደረስነው ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ነው፤ ጭጋግ ወርዷል፣ ብርዱ ከባድ ነው፣ ልጁ እንቅልፍ ይዞታል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ የተጀመረችው ከዚህ ተራራ ነው። ምኒልክ እዚህ ከትመው፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነግሠዋል፤ እቴጌ ጣይቱ ግን ከዚያ ቀደም ብለው በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውኃው ወርደው ቤት አሠርተዋል፤ ስሟንም አዲስ አበባ ብለዋል። ተራራው ብርዱ፣ የማገዶው ዕጥረት አላስቀምጥ ብሎ ከተማው ተከትሏቸው ወረደ። ማገዶ ከታችም ቢሆን ባለቀ ጊዜ ከተማዋን ከመነሣት ያዳናት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ስሙም ከዚያ ነው። የአዲስ አበባን ጠቅላላ ገጽታ ይህን ያህል የሚያስረዳ ሌላ ቦታ የለም፤ ከላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ ጊዮርጊስ የት፣ ቤተ መንግሥቱ የት፣ ፍልውኃ የት እንደሆነ በጣት እየተቆጠረ ይታያል። እኛ ግን ያየነው ጭጋግ ነው። ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ጎን ያለው የምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ ነጭ የተቀባው የጭቃ ግድግዳው፣ የአንድ ባላገር ባለጸጋ ቤት የሚያስመስለው ቁጥብነቱ በጠዋት ታይቶ ቢሆን፣ ቀኑን ሙሉ ያየነው ሁሉ ከዚያ ሲወርድ ይታየን ነበር።

የመንገዱን ነገርም ልጨምር። ስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ መሄጃ ላይ ነው። ስለዚህ ጠዋት አራት ኪሎና ስድስት ኪሎን ጎብኝቶ፣ ወደ ፒያሳና መርካቶ ወርዶ፣ እንደገና በዚያው በስድስት ኪሎ በኩል ወደ ተራራው መውጣት በታሪክም በነዳጅም ኪሳራ ነው። መጀመሪያ እንጦጦ፣ ከዚያ ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ ሥላሴ፣ ከምሳ በኋላ አራዳና ዓድዋ ቢባል፣ ጎብኚው ከተማው ራሱ በወረደበት መንገድ ይወርዳል። ተራራውን ለመጨረሻ የሚያቆዩት ማታ ብርሃን ሲበራ ለፎቶግራፍ ያምራል ብለው እንደሆነ አስጎብኚው ነግሮኛል። የምር ያምር ይሆናል፤ ጭጋግ የሌለ ቀን።

አገልግሎቱን ለማን እመክራለሁ? ቀን የማይተርፈው፣ ከተማውን ጨርሶ የማያውቅ፣ በራሱ መኪና ማቆሚያ መፈለግ የማይፈልግ ሰው ቢወስደው አይጎዳም፤ ስድስት ኪሎ ብቻውን የዋጋውን ግማሽ ያስመልሳል። እንደ አክስቴ ያለ ሰው ይዞ የሚሄድ ግን ለአስጎብኚው ከመነሣታቸው በፊት «እርሳቸውም ያስጎበኛሉ» ብሎ ቢነግረው ይሻላል። ጉልበት ለደከማቸው ደግሞ በሙዚየሞቹ ደረጃ መውጣት እንዳለ፣ በቤተ ክርስቲያን ጫማ ማውለቅና ለሴቶች ነጠላ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ እኛ ነጠላ የያዝነው በአክስቴ አስተዋይነት እንጂ በድርጅቱ ማሳሰቢያ አይደለም።

አስተያየቴን ለድርጅቱ በዚያው ማታ ጽፌ ላክሁ። በማግሥቱ የመለሱልኝ፣ አንድ ቀን አስቀድሞ የነገራቸው ሰው የቦታዎቹን ቅደም ተከተል እንደ ፈቃዱ ማስለወጥ እንደሚችል ነው፤ የመግቢያ ክፍያውን ጉዳይም በዝርዝሩ ላይ እንደሚያርሙ ጽፈዋል። ወንድሜ ከነቤተሰቡ ሲመጣ ያንኑ አስጎብኚ በስሙ ጠይቄ ይዣለሁ፤ መነሻችን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ30፣ መጀመሪያችን እንጦጦ፣ መርካቶ ተሰርዞ በምትኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ለዓድዋ ተጨምሯል። አክስቴም አብሬ ካልሄድሁ ብለዋል።